ወጣቱ ጃሚር ጊብስ ሸክሙን ብቻውን ይችለዋል?

እሑድ ዲሴምበር 15 ቀን 2024 የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ዲትሮይት ላየንስ በገዛ ሜዳው በቡፋሎ ቢልስ 48 ለ 42 ተሸነፈ። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ሽንፈቱ ያማል። ደጋፊውን እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነገር ነበር። ዴቪድ ሞንትጎመሪ ጉልበቱን ተጎዳ። በማግስቱ አሰልጣኙ ዳን ካምቤል ሞንትጎመሪ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልገው እንደማይቀርና ዓመቱ ያበቃለት እንደሚመስል ተናገረ። ለመደበኛው ውድድር የቀሩት ሦስት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ።

ላየንስ ሁለት ዋና ራኒንግ ባክ፣ ማለትም ኳስ ይዘው የሚሮጡ ተጫዋቾች፣ ነበሩት። አንደኛው ሲወድቅ የቀረው ጃሚር ጊብስ ነው። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ጥያቄውም ወዲያው መጣ፦ ይሄ ልጅ ብቻውን ይችለዋል ወይ?

እኔ የዋሽንግተን ደጋፊ ነኝ። የዲትሮይት ጉዳይ አይመለከተኝም ማለት እችል ነበር። ግን ይህን ጥያቄ በደንብ የፈታ ሰው ጨዋታውን ግማሽ በግማሽ ተረዳ ማለት ነው። እዚህ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ብዙ ወላጆች የአሜሪካን ፉትቦል ያወቅነው በልጆቻችን በኩል ነው። እኔንም ያስተማረኝ ልጄ ነው። ሶፋ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑን እያቆመ፣ «አባ፣ ኳሱን ሳይሆን እሱን እየው» እያለ። ስለዚህ እሱ ለኔ ባስረዳበት መንገድ ላስረዳ።

ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። አንድ ያርድ 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሥሩን ከሞላ እንደገና አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልሞላ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሄዳል። ወደፊት መሄጃው ሁለት ነው። ወይ ኳርተርባኩ ኳሱን ወርውሮ ለሌላ ተጫዋች ያደርሳል፣ ወይ ከኋላው ለቆመው ራኒንግ ባክ እጅ በእጅ ያቀብለዋል። ራኒንግ ባኩ ኳሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ሰው መሀል ይገባል።

እኛ ሩጫ ስንል የለመድነው ሌላ ነው። 10 ሺህ ሜትር ላይ ሯጩ የሚታገለው ከራሱ ሳንባና ከሰዓት ጋር ነው። ራኒንግ ባክ አምስት ሜትር ይሮጣል፣ ከዚያ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ይመታዋል። አንዳንዴ ሦስት ሆነው። ይነሳል። ከ40 ሰከንድ በኋላ እንደገና። አንድ ተጫዋች በዓመት 250 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጠ ሲባል፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ያለቁት መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ሰው ላዩ ላይ ተከምሮ ነው። ሸክም የሚሉት ይሄንን ነው።

ጊብስ ላይ ጥርጣሬ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቱ 90 ኪሎ ገደማ ነው። ሞንትጎመሪ ከሱ አሥር ኪሎ ያህል ይበልጣል። ጊብስ በ2023 ድራፍት፣ ክለቦች የኮሌጅ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት፣ 12ኛ ሆኖ ሲመረጥ ብዙ ተንታኞች «ለራኒንግ ባክ ይህን ያህል ከፍ ያለ ምርጫ ይባክናል?» ብለው ላየንስን ወቅሰዋል። ፍጥነቱን የካደ ግን አልነበረም። የፍጥነት መፈተኛውን 40 ያርድ በ4.36 ሰከንድ ነው የጨረሰው። የሚጠራጠሩት ሌላውን ነው። ኮሌጅ እያለ፣ ጆርጂያ ቴክ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ አላባማ አንድ ዓመት፣ በአንድ የውድድር ዘመን ከ151 ጊዜ በላይ ኳስ ይዞ ሮጦ አያውቅም። ኤንኤፍኤል፣ ትልቁ የፉትቦል ሊግ፣ ሲገባም በመጀመሪያው ዓመት የጭኑን ጡንቻ ታሞ ሁለት ጨዋታ አምልጦታል።

ይህን ግን ገልብጦ ማየት ይቻላል። ብዙ ያልተጫነ ልጅ ብዙ ያልተደበደበ ልጅ ነው። አንዳንዱ ራኒንግ ባክ ኮሌጅ ውስጥ 700 እና 800 ጊዜ ተመትቶ ነው ኤንኤፍኤል የሚደርሰው። የጊብስ የሦስቱ ዓመት ድምር 383 ነው። «ልምድ የለውም» የሚለውና «ገና አልደከመም» የሚለው አንድ ቁጥር ላይ የቆሙ ሁለት አስተያየቶች ናቸው። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ላየንስም ቢሆን ጊብስን ብቻውን ለማሠራት አላመጣውም። በዚያው በ2023 ሞንትጎመሪን ከቺካጎ አስፈርሞ ነበር። በመጀመሪያው ዓመታቸው ሞንትጎመሪ 219 ጊዜ ሮጦ 1,015 ያርድና 13 ታችዳውን (ኳሱን የሜዳውን መጨረሻ መስመር አሳልፎ ማስቆጠር)፣ ጊብስ 182 ጊዜ ሮጦ 945 ያርድና 10 ታችዳውን አስመዘገቡ። ከባዱ ልጅ መሀል ለመሀል እየገፋ ተከላካዮቹን ያደክማል። ፈጣኑ ደግሞ በደከሙት ላይ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዲትሮይት ሎሚውን ለሁለት ሰው አካፍሎ ነበር። አሁን ሁሉም ወደ አንዱ እጅ መጣ።

ታዲያ ምን ሆነ?

በመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች ጊብስ በአማካይ 13 ጊዜ ገደማ ነበር የሚሮጠው፤ በእያንዳንዱ ሩጫ 5.6 ያርድ። ሞንትጎመሪ ከወጣ በኋላ በቺካጎ ሜዳ 23 ጊዜ ሮጦ 109 ያርድ ሄደ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 18 ጊዜ ሮጦ 117። በመጨረሻው ከሚኒሶታ ጋር፣ አሸናፊው የምድቡንም የኮንፈረንሱንም (የሊጉን ግማሽ) አንደኝነት በሚወስድበት ጨዋታ፣ 23 ጊዜ ሮጦ 139። በዚያ ምሽት ሦስት ታችዳውን በሩጫ፣ አንድ ደግሞ ኳስ ተቀብሎ አስቆጠረ። ሲደመር 64 ሩጫ፣ 365 ያርድ። በእያንዳንዱ ሩጫ 5.7 ያርድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሥራው በአማካይ ከ13 ወደ 21 ሩጫ ወጣ። በእያንዳንዱ ሩጫ የሚያገኘው ግን አልቀነሰም። አሠሪ ሁሉ የሚፈራው ሥራ ሲበዛ ጥራት እንዳይወርድ ነው። አልወረደም። ላየንስ ሦስቱንም አሸንፎ ዓመቱን 15 ለ 2 ጨረሰ። ጊብስም በ20 ታችዳውን የክለቡን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ያዘ። የቀድሞው 17 ነበር፤ ባሪ ሳንደርስ በ1991 ያስመዘገበው።

ግን ሸክሙ ሩጫ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ተመልካች የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወጣት ራኒንግ ባክ አሰልጣኙን የሚያስጨንቀው ኳስ ሲይዝ ሳይሆን ሳይዝ ነው።

ኳርተርባኩ ለመወርወር ወደኋላ ሲያፈገፍግ ከፊቱ አምስት ግዙፍ የራሱ ቡድን ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። ተጋጣሚው ብልጥ ከሆነ ስድስተኛ ሰው ይልካል። ብሊትዝ ይሉታል። ያንን ስድስተኛ ሰው ማን ያስቆመዋል? ራኒንግ ባኩ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ከየት እንደሚመጣ መገመት አለበት። ገምቶም ከሱ የሚከብደውን ሰው፣ ሮጦ የሚመጣውን፣ ደረቱን ሰጥቶ ማቆም አለበት። ካመለጠው የላየንስ ኳርተርባክ ጃሬድ ጎፍ ይመታል። ጎፍ ከተጎዳ ደግሞ ዓመቱ አለቀ። የተጎዳ ራኒንግ ባክ ከሜዳ ሲወጣ እኛ «ማን ይሮጣል?» ብለን እንጠይቃለን። አሰልጣኙ ግን «ማን ይጠብቅልኛል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በዚህ ሥራ ሞንትጎመሪ ከጊብስ ይሻል ነበር፤ ሰውነቱም ልምዱም ያግዘዋል። ይህ በያርድ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም። ልጄ «እሱን እየው» ያለኝ ይሄንን ነበር።

ሦስተኛው ሸክም ኳስ መቀበል ነው። ጊብስ በ2024 ከ250 ሩጫ ሌላ 52 ኳስ ተቀብሏል፤ 517 ያርድ ሄዶበታል። በድምሩ 302 ጊዜ ኳስ እጁ ገብቷል። ሆኖም የተቀበለው ኳስና የሮጠው ኳስ እኩል አይደክሙም። ዳር ላይ፣ ሜዳው ክፍት ሆኖ ኳስ ሲቀበል የሚመታው አንድ ሰው ነው፤ ያውም የዳር ተከላካይ፣ ቀለል ያለ ሰውነት ያለው። መሀል ሲገባ የሚጠብቁት 140 ኪሎዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሸክሙን በቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ጥጥና ብረት በአንድ ጆንያ ቆጠረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባስታወስኩት ቁጥር ደስ የሚለኝ ስለሆነ። የቺካጎው ጨዋታ ላይ ነው። ጎፍ ኳሱን ይዞ ወደኋላ ሲሄድ ተደናቅፎ ሊወድቅ ተንገዳገደ። አጠገቡ የነበረው ጊብስ ደግሞ ኳስ የወደቀ ይመስል መሬት ላይ ተወረወረ። የቺካጎ ተከላካዮች ለአፍታ ፈዘዙ። ከዚያ ጎፍ ቀጥ ብሎ ቆመና ኳሱን ለቡድን ጓደኛው ለሳም ላፖርታ ሰደደው። 21 ያርድ፣ ታችዳውን። ለካ ሁሉም የተጠና ትወና ነበር። ጊብስ ኳሱን አልነካውም። ልጄ ሦስት ጊዜ መልሶ አሳየኝ። ብሊትዝ የሚያነብ፣ የሚጠብቅ፣ ኳስ የሚቀበል፣ ሲያስፈልግም የሚወድቅ። በ22 ዓመቱ አሰልጣኞቹ ይህን ሁሉ ያመኑበት ልጅ ነው። ቡድኑ ሸክም ሰጠው የሚባለው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ፤ ፍርሃቱ እውነት ነውና።

ሦስት ሳምንት ዓመት አይደለም። ዓመትም የአንድ ሰው ዕድሜ አይደለም። ላሪ ጆንሰን በ2006 ለካንሳስ ሲቲ 416 ጊዜ ሮጠ፤ እስካሁን በአንድ ዓመት ከሁሉ የበዛው ቁጥር ነው። በቀጣዩ ዓመት እግሩ ተሰብሮ ስምንት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ጀማል አንደርሰን በ1998 ለአትላንታ 410 ጊዜ ሮጦ ቡድኑን ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ አደረሰ፤ በ1999 ሁለተኛው ጨዋታ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቴሬል ዴቪስ በዚያው በ1998 ለዴንቨር 392 ጊዜ ሮጦ 2,008 ያርድ ሄደ፤ በማግስቱ ዓመት በአራተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ሄደ፣ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም። ዴማርኮ መሪ በ2014 ለዳላስ እሱም 392 ጊዜ ሮጦ 1,845 ያርድ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት በፊላደልፊያ 702 ብቻ።

ዝርዝሩ ያስደነግጣል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 390 ጊዜ ለመሮጥ አንድ ሰው መጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ መሆን አለበት። ይህ በዚህ ሥራ ትልቅ ዕድል ነው። በቀጣዩ ዓመት ዕድሉ እንደማንም ሰው ይሆናል፣ ይጎዳል። እኛ ደግሞ «ብዙ ስለሮጠ ነው» እንላለን። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ዕድል ወደ ነበረበት መመለሱ ነው። ደሪክ ሄንሪን እዩት። በ2020 ለቴነሲ 378 ጊዜ ሮጦ 2,027 ያርድ ሄደ። በ2021 እግሩ ተሰብሮ ከስምንት ጨዋታ በኋላ መደበኛውን ውድድር ተቀምጦ ጨረሰ። «በቃ፣ አለቀለት» ተባለ። በ2022 ተመልሶ 349 ጊዜ ሮጠ። በ2024 በ30 ዓመቱ ለባልቲሞር 1,921 ያርድ ሄደ። ሄንሪ ግን ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ነው፤ ከጊብስ ጋር ማወዳደር ይከብዳል።

የሚወዳደረውስ? ዲትሮይት ከራሱ ቤት አለው። ባሪ ሳንደርስ ከጊብስ እንኳ ያጥር ነበር፤ 1 ሜትር ከ73። ከ1989 እስከ 1998 አሥር ዓመት ለላየንስ ተጫውቶ 3,062 ጊዜ ሮጦ 15,269 ያርድ ሄደ። በ1997 ብቻ 2,053። አጭርና ቀላል ሰው ሸክም አይችልም የሚለው ንግግር ዲትሮይት ውስጥ ሊደመጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሳንደርስ የቻለው ድብደባውን ተቋቁሞ አይደለም፤ ድብደባውን ሸሽቶ ነው። በሙሉ አካሉ የተመታው አልፎ አልፎ ነበር። ሊይዙት ሲሉ የሚይዙት አየር ነበር። ጊብስም በዚህ ይመስለዋል። የቆመ ሰው ሆኖ ሳይሆን የሚያልፍ ሰው ሆኖ ነው የሚመታው። ትከሻውን በጥቂቱ ያዞራል፣ ግጭቱ ሙሉ ሳይሆን ግማሽ ይሆናል። በአንድ ሩጫ ላይ ልዩነቱ አይታይም። በ300 ላይ ግን ጉልበት ያተርፋል።

ሌላው ሰው የሚረሳው የሸክም ተካፋይ ከፊት ያሉት አምስቱ፣ መስመር የሚባሉት ናቸው። ፔኔይ ሱዌል 150 ኪሎ ገደማ ነው። እሱና ጓደኞቹ መንገዱን ሲከፍቱ ራኒንግ ባኩ የመጀመሪያውን ሦስት ሜትር ሳይነካ ያልፋል። ካልከፈቱ ኳሱን እንደተቀበለ ይመታል። ስለዚህ ያው 20 ሩጫ ጥሩ መስመር ካለው ቡድን ጋር ሌላ፣ ከደካማ ቡድን ጋር ሌላ ሸክም ነው። የ2024ቱ ላየንስ ከምርጦቹ መስመሮች አንዱ ነበረው። የጊብስ 5.7 ያርድ ውስጥ የነሱም ላብ አለበት።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ብቀር ግን ቅር ይለኛል። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ሲመረጥ የአራት ዓመት ውል ይፈርማል፤ ክለቡ ከፈለገ አምስተኛውን ይጨምራል። የጊብስ የአራት ዓመቱ ውል ወደ 17.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። ብዙ ብር ነው፣ አልክድም። ግን ራኒንግ ባክ አብዛኛውን ጊዜ 27 እና 28 ዓመቱ ላይ መውረድ ይጀምራል። ጊብስ በ21 ዓመቱ ገባ። ቁጠሩት። ክለቡ በርካሽ የያዘው ዓመታት ጉልበቱ ምርጥ የሆነባቸው ዓመታት ናቸው። ትልቁን ውል የሚጠይቅበት ጊዜ ሲደርስ ክለቡ «ብዙ ተመተሃል» ሊለው ይችላል። ማን አስመታው? ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ሊቪዮን ቤል በ2017 ለፒትስበርግ 406 ጊዜ ኳስ ይዞ በ2018 ይህንኑ ተከራክሮ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ሴክዋን ባርክሊ ደግሞ ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ወጥቶ በ2024 ለፊላደልፊያ 345 ጊዜ ሮጠና 2,005 ያርድ ሄደ፣ ሱፐር ቦውልም በላ። ከዚያ በኋላ ነው በማርች 2025 ለሁለት ዓመት 41.2 ሚሊዮን ዶላር ያገኘው። አንዱ ዕድሉን አጣ፣ አንዱ አገኘ። ለዚህ ነው ሸክምን መከፋፈል ተጫዋቹን ይጎዳል የሚለው ክርክር የማያሳምነኝ። ለጊብስ 250 ሩጫ ከ350 ይሻለዋል፤ ስታቲስቲኩ ቢያንስም ጉልበቱ ይቆይለታል።

ስለዚህ የኔ መልስ ይሄ ነው። ይችለዋል። ቁጥሩም ዓይናችንም አሳይቶናል። ለአንድ ወር ይችላል፣ ለአንድ ዓመትም የሚችል ይመስለኛል። ግን ስለቻለ ብቻ ሁሌ ይጫንበት ማለት አይደለም። ዲትሮይት ጊብስን በጣም የሚጠቀምበት ከጎኑ ሞንትጎመሪን የመሰለ ከባድ ሰው ቆሞለት ነው።

ሞንትጎመሪ ደግሞ ተመለሰ። ሌላ ሐኪም አይቶት ቀዶ ጥገናው ቀረለት፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 2025 ለጥሎ ማለፉ ጨዋታ ደረሰ። ተጋጣሚው የኛው ዋሽንግተን ነበር። ሁለቱም ራኒንግ ባኮች ጤነኛ፣ ሜዳው የራሳቸው፣ ቡድኑ አንደኛ። ሸክሙ ተከፋፍሏል፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። ግን ዲትሮይት አምስት ጊዜ ኳስ አስነጠቀ። እረፍት ላይ ዋሽንግተን 31 ለ 21 ይመራል። ሲመሩህ ደግሞ መሮጥ አትችልም፤ ሩጫ ሰዓት ይበላል። ጊብስ 14 ጊዜ ብቻ ሮጠ። በነዚያ 14 ሩጫ 105 ያርድና ሁለት ታችዳውን። በእያንዳንዱ ሩጫ 7.5 ያርድ፣ ማንም ሊያቆመው አልቻለም።

ቤታችን በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ሰሌዳው 45 ለ 31 ይላል። ልጄ የዋሽንግተንን ማልያ እንደለበሰ ወደኔ ዞረ። «አባ፣ ማቆም ካልቻልነው ለምንድነው ኳሱን ለጊብስ የማይሰጡት?» አለኝ። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በዚያች ምሽት ግን መልሱን እኔ አውቀው ነበር። በጣቴ የሰሌዳውን ሰዓት አሳየሁት።